የድሮ የነዳጅና የጋዝ ሊዝ ፍለጋ፦ በአሜሪካ የማዕድን መብት ለወረሱ ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሟች ሰነዶች ሲገላበጡ አንድ ያረጀ ወረቀት ይወጣል። ስሙን ሰምተውት የማያውቁት የቴክሳስ ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ የአስተዳደር ክፍል) ተጽፎበታል። የባለቤትዎ አያት ፈርመውበታል። "ኦይል፣ ጋዝ ኤንድ ሚነራል ሊዝ" ይላል። አሜሪካዊ አግብተው ባል ወይም ሚስት የሞተባቸው፣ በጉዲፈቻ አሜሪካ ያደጉ፣ ወይም ከአማት ቤት ንብረት የተላለፈላቸው ኢትዮጵያውያን እንዲህ ዓይነት ወረቀት እጃቸው ሲገባ ግራ ይጋባሉ። ቢጋቡም አይገርምም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወይ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይመልሰዋል፣ ወይ "መብትዎን ልግዛዎት" ብሎ ለጻፈለት ሰው ይፈርማል። ሁለቱም ጉዳት አላቸው። ፍለጋው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ መሬቱ፣ ቀጥሎ ወረቀቱ፣ ከዚያ ጉድጓዱ፣ በመጨረሻ ገንዘቡ። ከታች ያሉት ምሳሌዎች በአብዛኛው የቴክሳስ ናቸው። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መሬቱ የሌላ ሰው ነው። ከሥሩ ያለው እንዴት የእኔ ይሆናል?

እኛ አገር በራሳችን አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አሜሪካ ውስጥ ግን ከመሬት በታች ያለው ነዳጅና ጋዝ የግለሰብ ሊሆን ይችላል። ከላዩ መሬት ተነጥሎም ይሸጣል፣ ይወረሳል።

የተለመደው ታሪክ ይህ ነው። አያት 160 ኤከር እርሻ ነበራቸው እንበል። በ1940ዎቹ መሬቱን ሲሸጡ "የማዕድኑን ግማሽ ለራሴ አስቀርቻለሁ" ብለው ውሉ ላይ አስጻፉ። መሬቱ ከዚያ ወዲህ ከሰው ሰው ተዘዋወረ። ዛሬ የጥጥ ማሳ ወይም የመኖሪያ ሰፈር ሊሆን ይችላል። የማዕድኑ ግማሽ ግን ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ የልጅ ልጅ እየወረደ እርስዎ ጋ ደረሰ።

ስንት ዓመት ሳንጠቀምበት ቀርተናል። መብቱ አይጠፋም?

እንደ ክፍለ ግዛቱ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ስላልተጠቀሙበት ብቻ አይጠፋም። ሉዊዚያና ውስጥ ግን በመሬት ሽያጭ የተነጠለ የማዕድን መብት 10 ዓመት ካልተጠቀሙበት ወደ መሬቱ ባለቤት ይመለሳል። ሰሜን ዳኮታም ለ20 ዓመት ያልተነካን መብት የመሬቱ ባለቤት እንዲጠይቅ የሚፈቅድ ሕግ አላት። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ንብረቱ የትኛው ግዛት ውስጥ እንዳለ ይወቁ። እርስዎ የሚኖሩበት ግዛት ሕግ እዚህ ቦታ የለውም። የሚሠራው መሬቱ ያለበት ግዛት ሕግ ነው።

አያታችን ሊዝ ፈርመዋል ማለት መብቱን ሸጠውታል ማለት ነው?

አልሸጡትም። ኩባንያው እንዲቆፍርና እንዲያመርት መብት ሰጥተዋል። በምላሹ ሲፈርሙ ቦነስ የሚባል ገንዘብ ይቀበላሉ። ምርት ሲወጣ ደግሞ ሮያሊቲ የሚባል ድርሻ ይከፈላቸዋል። በድሮዎቹ ሊዞች ሮያሊቲው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስምንተኛ ነው። ዛሬ አንድ አምስተኛ ወይም አንድ አራተኛ መደራደር የተለመደ ነው። ሊዙ ሲያበቃ የመቆፈር መብቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ባለቤቱ ወይም ወደ ወራሾቹ ይመለሳል። የድሮውን ሊዝ መፈለግ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ካበቃ በዛሬ ዋጋ አዲስ ሊዝ መደራደር ይችላሉ። ካላበቃ ግን በአንድ ስምንተኛው ታስረዋል፣ ምናልባትም ያልተከፈለዎት ገንዘብ አለ።

በ1950ዎቹ የተፈረመ ሊዝ እስካሁን እንዴት ይሠራል?

ይሠራል፣ ሰውን የሚያስደነግጠውም ይህ ነው። ወረቀቱን ይዘው አብረን እናንብበው።

አናቱ ላይ "ፕሮዲዩሰርስ 88" የሚል ጽሑፍ ካዩ፣ በጣም የተለመደ የድሮ ቅጽ ይዘዋል። ጎኑ ላይ የካውንቲው ጸሐፊ ማኅተም አለ። የመዝገቡ ቅጽና ገጽ ቁጥር እዚያ ይጻፋል። እሱን ወዲያው ይገልብጡ። ከዚያ የፈራሚው ስም ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም "ባሏ የሞተባት" ወይም "ያላገባ" የሚል አብሮ ይጻፋል። ይህ ለወራሽነት ማስረጃ ስለሚጠቅም አይለፉት። ቀጥሎ የመሬቱ መግለጫ አለ። ከዚያ ዋናው አንቀጽ ይመጣል። ሊዙ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ይጸናል፤ ከዚያም በኋላ ከመሬቱ ነዳጅ ወይም ጋዝ እስከተመረተ ድረስ ይቀጥላል ይላል።

ሊዙ ላይ 10 ዓመት ተጽፎ ሳለ 70 ዓመት የሚቆየው በዚህች አንቀጽ ነው። የመጀመሪያው ዘመን ቁጥር አለው። በድሮዎቹ 10 ዓመት ይበዛል፣ በአሁኖቹ 3 ወይም 5። ሁለተኛው ዘመን ግን ማብቂያ ቀን የለውም። ምርት እስካለ ይኖራል። አንዲት ትንሽ ጉድጓድ በወር ጥቂት በርሜል እየሳበች በመቶዎች የሚቆጠር ኤከር ልትይዝ ትችላለች።

ሌላም አለ። ጉድጓዱ እናንተ መሬት ላይ መሆን የለበትም። አብዛኛው ሊዝ ኩባንያው አጎራባች መሬቶችን አጣምሮ አንድ ዩኒት እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ዩኒቱ ውስጥ የትም ቦታ ምርት ካለ፣ የእናንተ መሬት ላይ እንዳለ ይቆጠራል። "ሄጄ አየሁት፣ ባዶ ሜዳ ነው" የሚለው ማስረጃ የማይበቃው ለዚህ ነው።

አንዳንድ ሊዝ ውስጥ "የፒዩ አንቀጽ" የሚባል አለ። የመጀመሪያው ዘመን ሲያልቅ ከዩኒቱ ውጭ የቀረው መሬት ከሊዙ ነፃ ይወጣል ይላል። አንዳንዱ ከተወሰነ ጥልቀት በታች ያለውንም ነፃ ያወጣል። በድሮዎቹ ቅጾች ላይ እምብዛም አይገኝም። ካገኙት ግን በብርቱ ይያዙት።

ወረቀቱ ራሱ የለኝም። "ቴክሳስ ውስጥ የሆነ ነገር አለን" ሲባል ብቻ ነው የሰማሁት።

የመሬቱን ሕጋዊ መግለጫ ይፈልጉ። የመንገድ አድራሻ እዚህ ምንም አይሠራም። ቴክሳስ መሬቱን የሚጠራው በካውንቲ፣ በሰርቬይ ስምና በአብስትራክት ቁጥር (መሬቱ መጀመሪያ ሲለካ በተሰጠው ስምና በመዝገብ ቁጥሩ) ነው። ምዕራብ ቴክሳስ ላይ ሴክሽንና ብሎክ ይጨመራል። ኦክላሆማ ደግሞ ሴክሽን፣ ታውንሺፕና ሬንጅ ይጠቀማል። አንድ ሴክሽን በመደበኛው 640 ኤከር ነው።

መግለጫው የሚደበቅባቸው ቦታዎች አሉ። የሟች ኑዛዜ በፍርድ ቤት ታይቶ ከሆነ የንብረት ዝርዝር ተያይዞ ይኖራል። የድሮ ሮያሊቲ ቼክ ቅጂ የጉድጓዱን ስምና የካውንቲውን ስም ይይዛል። ከባንክ፣ ከዘይት ኩባንያ፣ ከካውንቲ የመጡ ፖስታዎችን አይጣሉ። አንድ የንብረት ግብር ደረሰኝ ብቻ ብዙ ይናገራል። ቴክሳስ ውስጥ ማዕድን በተግባር የሚገበርበት ምርት ሲሰጥ ነው። በሟች ስም የማዕድን ግብር ይመጣ ከነበረ፣ በዚያን ጊዜ ጉድጓዱ ያመርት ነበር ማለት ይቻላል። የየካውንቲው የንብረት ገማች ቢሮ ድረ ገጽ በስም ይፈለጋል፣ ነፃ ነው።

ካውንቲ ጸሐፊ ቢሮ ሄጄ ምን ብዬ ልፈልግ?

ቴክሳስ 254 ካውንቲ አላት። እያንዳንዱ የራሱ መዝገብ አለው። ማዕከላዊ የሚባል የለም። መዝገቡ የሚፈለገው በሰጪና በተቀባይ ስም ማውጫ ነው። ሊዝ የሰጠው ባለመብት በሰጪዎች ማውጫ ውስጥ ይገኛል፣ ኩባንያው በተቀባዮቹ። ኦክላሆማ ላይ ሥራው ይቀላል፤ የካውንቲ ጸሐፊዎቹ በመሬት የተደራጀ ማውጫም ስለሚይዙ አንድን ሴክሽን ከፍተው በላዩ የተመዘገበውን ሁሉ ያያሉ።

ከሟቹ ስም ይጀምሩና መሬቱን ካገኙበት ዓመት ወደ ዛሬ ይምጡ። ስሙን በሁሉም መልኩ ይፈልጉ። በመጀመሪያ ፊደል ብቻ፣ በባል ስም፣ ከጋብቻ በፊት በነበረው ስም። ሊዙን ሲያገኙ አይቁሙ። ሊዙን ያሻሻለ ሰነድ አለ? ወደ ሌላ ኩባንያ ያስተላለፈው አለ? ዩኒት የተመሠረተበት መግለጫ አለ? የመልቀቂያ ሰነድ አለ? አራቱንም እስኪፈልጉ አላለቀም።

አንዳንዴ የሚያገኙት ሙሉ ሊዙን ሳይሆን አጭር ማስታወቂያውን ብቻ ነው። ሮያሊቲው ስንት እንደሆነ አይናገርም። ያን ጊዜ ሙሉ ቅጂውን ሊዙን አሁን ከያዘው ኩባንያ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ብዙ ካውንቲዎች መዝገባቸውን ኢንተርኔት ላይ አውጥተዋል፤ የድሮዎቹ መጻሕፍት ግን ሁሉም ላይ የሉም። የቴክሳስ ቅጂ ዋጋ በገጽ 1 ዶላር ነው። ጸሐፊዎቹ ቅጂ ይሰጣሉ እንጂ ሕግ አይተረጉሙም። "የእኔ ነው?" ብለው አይጠይቋቸው። ቅጽና ገጽ ይስጧቸው።

የመልቀቂያ ሰነድ አላገኘሁም። ሊዙ አለ ማለት ነው?

አይደለም። ኩባንያዎች ሊዝ ሲያበቃ መልቀቂያ ሳያስመዘግቡ የሚተዉት ብዙ ጊዜ ነው። ወረቀቱ ዝም ሲል የሚናገረው ጉድጓዱ ነው።

ቴክሳስ ላይ ነዳጅና ጋዝን የሚቆጣጠረው የባቡር ሐዲድ ኮሚሽን ነው። በ1891 ሲቋቋም ሥራው ባቡር ነበር፣ ዛሬ ከባቡር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ድረ ገጹ ላይ ካርታ አለ። የሰርቬዩን ስም ወይም የአብስትራክቱን ቁጥር አስገብተው መሬትዎን ያገኛሉ። በላዩና በዙሪያው ያሉ ጉድጓዶች ምልክት ሆነው ይታያሉ። አንዱን ሲነኩ መለያ ቁጥሩ ይወጣል፣ የቴክሳስ ቁጥር በ42 ይጀምራል። በዚያ የኦፕሬተሩን (ጉድጓዱን የሚያንቀሳቅሰውን ኩባንያ) ስምና ከ1993 ወዲህ ያለውን የየወሩን ምርት ማየት ይቻላል። ኦክላሆማ ላይ ይህን የሚይዘው ኮርፖሬሽን ኮሚሽኑ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ "ሊዝ" ብሎ ስምና ቁጥር የሚሰጠው ለምርት ቁጥጥር እንዲመቸው ነው። አያትዎ የፈረሙት ውል አይደለም። ሁለቱን ማምታታት ሰውን ለሳምንታት ያንከራትታል።

የምርት ሰንጠረዡ ላይ ዜሮ የሆኑ ወራት ቢያዩ አይቸኩሉ። ጥገና ሊሆን ይችላል። ጋዝ ከሆነ ደግሞ ጉድጓዱን ዘግቶ አነስተኛ ዓመታዊ ክፍያ በመክፈል ሊዙን ማቆየት የሚፈቅድ አንቀጽ ሊኖር ይችላል። ተከታታይ ዓመታት ባዶ ከሆኑና ዩኒቱ ውስጥ ሌላ ጉድጓድ ከሌለ ግን ሊዙ የማብቃቱ ነገር ጠንካራ ይሆናል። ጥቂት ብቻ የሚያመርት ጉድጓድ "ወጪውን ሸፍኖ ያተርፋል ወይ" የሚለው ክርክር ለጠበቃ የሚተው ነው።

ሊዙ ላይ ያለው ኩባንያ ዛሬ የለም። ማንን ልጠይቅ?

የድሮ ስሞች ተውጠዋል። ሃምብል ኦይል ዛሬ ኤክሶን ውስጥ ነው። ገልፍ ኦይል በ1984 ወደ ሼቭሮን ገባ። አሞኮ በ1998 ከቢፒ፣ ሞቢል በ1999 ከኤክሶን ጋር ተዋሃዱ። ይህን ማወቅ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የድሮ ሊዞቻቸውን ለትናንሽ ኦፕሬተሮች እየሸጡ ኖረዋል። ስለዚህ የስም ለውጡን ትተው በካውንቲው መዝገብ የማስተላለፊያ ሰነዶቹን ሰንሰለት ይከተሉ። ወይም ከጉድጓዱ ተነስተው ወደ ኋላ ይምጡ፦ የዛሬው ኦፕሬተር ማን እንደሆነ ኮሚሽኑ ጋ ተጽፏል። ደብዳቤ የሚጻፈው ለእሱ ነው፣ ለባለ ድርሻዎች ክፍሉ።

ኦፕሬተሩ "በስምዎ አልተመዘገበም" አለኝ።

ልክ ነው፣ መዝገቡ ላይ አሁንም ያለው የሟች ስም ስለሆነ። መሬቱ ባለበት ካውንቲ የወራሽነት ሰንሰለቱ መታየት አለበት። ኑዛዜ በሌላ ግዛት ፍርድ ቤት ቢጸድቅም፣ መሬቱ ባለበት ግዛት ተጨማሪ ሥራ ይጠብቀዋል። ኑዛዜ ከሌለ ቴክሳስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት የወራሽነት ቃለ መሐላ ነው። ቤተሰቡን በቅርብ የሚያውቁ፣ ከውርሱ ምንም የማያገኙ ሁለት ምስክሮች ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን መቼ እንዳገባና እንደሞተ መስክረው ይፈርማሉ። ሰነዱ ካውንቲው ላይ ይመዘገባል። 5 ዓመት ተመዝግቦ ከቆየ ፍርድ ቤት ላይ ክብደቱ ይጨምራል። ኩባንያዎች ግን ከዚያ በፊትም ተቀብለው የሚከፍሉበት ጊዜ አለ።

ለእኛ ሰዎች አንድ የተለየ ችግር አለ። ስማችን። ፓስፖርት ላይ የአባት ስም፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ላይ የባል ስም፣ የዜግነት ወረቀት ላይ ደግሞ በሌላ ፊደል አጻጻፍ። የልጅና የአባት የመጨረሻ ስም አይገጥምም። ለአሜሪካዊ የሰነድ መርማሪ እነዚህ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ቃለ መሐላ ከመጀመሪያው አብሮ ይዘጋጅ። ከወራሾቹ አንዱ አዲስ አበባ ከሆነ በአሜሪካ ኤምባሲ የኖተሪ አገልግሎት ቀጠሮ ይዞ መፈረም ይችላል።

ድርሻዬን እንዴት አሰላለሁ?

ከላይ ወደ ጀመርነው 160 ኤከር እንመለስ። ግማሹ 80 ነው። አራት ወራሾች እኩል ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 20 ኤከር ይደርሳል። ዩኒቱ 640 ኤከር ከሆነ፣ 20 ለ640 ሲካፈል 0.03125። ሮያሊቲው አንድ ስምንተኛ ስለሆነ ለ8 ይካፈላል፣ 0.00390625 ይሆናል። ከዩኒቱ በወር የ100,000 ዶላር ምርት ቢሸጥ የእርስዎ ድርሻ 390 ዶላር ገደማ ነው፣ ተቀናሽ ሳይነካው።

ኦፕሬተሩ ከመክፈሉ በፊት ይህችን ቁጥር የያዘ "ዲቪዥን ኦርደር" የሚባል የድርሻ ማረጋገጫ ሰነድ ይልክልዎታል። ከመፈረምዎ በፊት ራስዎ አስልተው ያመሳክሩ። ካልገጠመ እንዴት እንዳሰሉት በጽሑፍ ይጠይቁ።

ለዓመታት ያልተከፈለው ገንዘብስ?

ሁለት ቦታ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ኦፕሬተሩ ጋ ነው። ባለቤቱ ካልታወቀ ገንዘቡን ለይቶ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው ግዛቱ ጋ ነው። ቴክሳስ ላይ ከማዕድን የሚገኝ ገንዘብ 3 ዓመት ባለቤቱ ካልጠየቀው ወደ ግዛቱ ኮምፕትሮለር (የገንዘብ ቢሮ) ይዛወራል። እዚያ በስም ፈልጎ መጠየቅ ነፃ ነው። በራስዎ ስም ብቻ አይፈልጉ። በሟች፣ በሟች ወላጆች፣ በተሳሳተ አጻጻፍም ይፈልጉ። "አስመልስልሃለሁ፣ ድርሻ ስጠኝ" ለሚል ሰው ሳይጣደፉ መጀመሪያ ይህን ያድርጉ።

ኩባንያው መክፈል ሲገባው ሳይከፍል ቀርቶ ከሆነ ግን ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። ቴክሳስ ላይ የዚህ ዓይነት ክስ በአብዛኛው በ4 ዓመት ይታገዳል።

"መብትዎን ልግዛ" የሚል ደብዳቤ ከነቼኩ መጣልኝ።

አይፈርሙ። ቼክ የሚመስለው ወረቀትም ብዙ ጊዜ ገዢው ሰነዱን መርምሮ ሲስማማ ብቻ የሚከፈል ነው።

ደብዳቤው ራሱ ግን ጥሩ ምልክት ነው። ሰው ገንዘብ አውጥቶ እርስዎን የፈለገው አንድ ነገር ስላወቀ ይሆናል። ኮሚሽኑ ካርታ ላይ በአካባቢው አዲስ የቁፋሮ ፈቃድ ወጥቶ እንደሆነ ይዩ። ከዚያ የሰነዱን ርዕስ ያንብቡ። "ሊዝ" ከሚለው ይልቅ "ዲድ" የሚል ካለ ለዘለዓለም እየሸጡ ነው። ሊዝ ቢሆንም የድሮው ካላበቃ ሁለት ሊዝ እርስ በርስ ይደራረባል። መብቱ ከሌላ ሰው ይገባኛል ባይነት ነፃ ለመሆኑ ዋስትና የሚያስገባዎት አንቀጽ ካለበት፣ የተቀበሉትን እንዲመልሱ ሊጠየቁ ይችላሉ። የድሮው ሊዝ ሁኔታ ሳይታወቅ ፊርማ የለም። በዚህ ላይ ድርድር አያስፈልግም።

ግብርስ?

ሮያሊቲ ገቢ ነው። አሜሪካ ነዋሪ ከሆኑ ከፋዩ በዓመቱ መጨረሻ 1099 ቅጽ ይልካል። ለአነስተኛ ባለ ድርሻዎች ከጠቅላላ ገቢው 15 በመቶ ለሀብቱ መመናመን ተብሎ ግብር ከሚከፈልበት ላይ ይቀነሳል፣ ለሒሳብ ሠራተኛዎ ይህን ያስታውሱት። ኢትዮጵያ፣ ዱባይ ወይም እስራኤል ያለ፣ አሜሪካዊ ያልሆነ ወራሽ ከሆነ በመደበኛው 30 በመቶ ከምንጩ ይቆረጣል።

ፎርት ዎርዝ ቤት ገዝቻለሁ። ከሥሩ ያለው ጋዝ የእኔ ነው?

ውልዎን ይዩ። ፎርት ዎርዝና አርሊንግተን ባርኔት ሼል የሚባለው የጋዝ ክምችት ላይ ናቸው። ብዙ ቤት ሲሸጥ ማዕድኑን የቀድሞ ባለቤት ወይም አልሚው አስቀርቶታል። አላስቀረ ከሆነ ግን ትንሽም ብትሆን ድርሻ አለዎት፣ ሊዙንም ከላይ በተባለው መንገድ ያገኙታል።

ሊዙ እንዳበቃ አረጋግጫለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

ለመጨረሻው የሊዝ ባለመብት ደብዳቤ ይጻፉ። የሊዙን ቅጽና ገጽ፣ የመሬቱን መግለጫ፣ ምርት የቆመበትን ወር ይጥቀሱና የመልቀቂያ ሰነድ አስመዝግቦ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ደብዳቤው በሰርቲፋይድ ፖስታ ይሂድ፣ የመድረሻ ማረጋገጫውንም ያስቀምጡ። ኩባንያው ከጠፋ ወይም ዝም ካለ፣ ምርት አለመኖሩን የሚገልጽ ቃለ መሐላ አዘጋጅቶ ካውንቲው ላይ ማስመዝገብ የተለመደ ነው። ይህን የሚያዘጋጅልዎ በዚያ ግዛት ፈቃድ ያለው የነዳጅና የጋዝ ጠበቃ ይሁን። እስካሁን የሰበሰቡትን ቅጂ ሁሉ በዓመት ቅደም ተከተል ደርድረው ይዘውለት ይሂዱ፤ የሚከፍሉት ለሰዓቱ ነው።